አባዱላ ወይስ ባለ አፍንጫው ሃይኤስ? የሀዋሳ ገዢ ስሌት

ሀዋሳ ፒያሳ የሚኒባስ ገበያ ወሬ ሲነሣ ሁለት ወገኖች ይከራከራሉ። አንደኛው ወገን «እንደ አባዱላ ያለ ገንዘብ መያዣ የለም፤ በገዛህበት ቀን ብትሸጠው እንኳ አትከስርም» ይላል። ሁለተኛው ወገን ደግሞ «አዲሱ ሃይኤስ እያለ ከ20 ዓመት በፊት በተሠራ ዲዛይን ላይ ሚሊዮኖችን ማፍሰስ ምን የሚሉት ንግድ ነው?» ባይ ነው። ደላላው በመሐል ሆኖ ለሁለቱም ራሱን ይነቀንቃል፤ ኮሚሽኑ ከየትኛውም ወገን ይመጣለታልና።

ሁለቱም ወገኖች ከፊል እውነት ይዘዋል። ሁለቱም የዘነጉት ግን አንድ ነገር አለ። ዛሬ ሚኒባስ የሚገዛ ሰው የሚከፍለው ለመኪናው ብቻ አይደለም፤ ለእጥረቱም ጭምር ነው። የእነዚህን የሁለት ነገሮች ዋጋ ለይቶ ያላየ ገዢ የትኛውንም ሞዴል ቢመርጥ ስሌቱ መሳሳቱ አይቀርም።

ሁለቱ መኪኖች

ቶዮታ ሃይኤስን ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሕዝቡ በቀድሞው የኦሮሚያ ክልል ፕሬዚዳንት በአቶ አባዱላ ገመዳ ስም «አባዱላ» ብሎ የጠራው አምስተኛው ትውልድ ጃፓን ውስጥ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2004 ሲሆን፣ አፍንጫ ያወጣው ስድስተኛው ትውልድ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ልዩነቱ የመልክ ብቻ አይደለም። የአባዱላ ሞተር የተቀመጠው ከፊት ወንበር ሥር ነው። ሾፌሩ ከፊት ጎማ በላይ ይቀመጣል፣ ከጉልበቱ ፊት ያለው ላሜራና መስታወት ብቻ ነው። በዚህ አሠራር ምክንያት የመኪናው ርዝመት በሙሉ ማለት ይቻላል ለሰውና ለዕቃ ይውላል። በአዲሱ ሞዴል ሞተሩ ወደ ፊት ተገፍቶ አጭር ኮፈን ሥር ገብቷል። የተወሰደው ቦታ እንዲካካስም አካሉ ረዝሟል። ትልቁ አባዱላ 5.38 ሜትር ርዝመትና 1.88 ሜትር ስፋት ሲኖረው፣ ትልቁ አዲስ ሃይኤስ 5.915 ሜትር በ1.95 ሜትር ነው። ግማሽ ሜትር ያህል ጭማሪ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። በተጨናነቀ መናኸሪያ ውስጥ ለማዞር ለሚታገል ሾፌር ግን ትንሽ አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ሊጤን የሚገባው ነገር አለ። ቶዮታ አዲሱን ሞዴል ለውጭ ገበያ ሲያወጣ በገዛ አገሩ የቀድሞውን መሸጡን አላቆመም። በጃፓን ሕግ ርዝመቱ ከ4.70 ሜትር፣ ስፋቱም ከ1.70 ሜትር ያልበለጠ መኪና በአነስተኛ መኪና መደብ ይመዘገባል። ጠባቡ አባዱላ በዚህ ልክ ውስጥ ሲያድር አዲሱ ያልፈዋል። አልጋና ማብሰያ ገጥመው ሃይኤስን የመንገድ ላይ ቤት የሚያደርጉ የጃፓን ባለሙያዎችም በብዛት የሚሠሩት በዚሁ በአሮጌው ሳጥን ላይ ነው።

በአውሮፓም ተመሳሳይ ክርክር አለ። ቮልስዋገን ካሊፎርኒያ የተባለውን ማደሪያ ያለው ቫን እ.ኤ.አ. በ2024 ሲያድሰው መሠረቱን ከጭነት ቫን ወደ ቤተሰብ መኪና አዛወረው። ሁለተኛ ተንሸራታች በር በመጨመሩም የውስጡ አቀማመጥ ተለወጠ። ምቾት የሚፈልገው ገዢ ተደሰተ፣ የቀድሞውን ጠንካራ አካል የሚወደው ደግሞ ፊቱን ወደ አሮጌው መለሰ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። አዲስ ዲዛይን ለሁሉም ሥራ በአንድ ጊዜ የተሻለ ሆኖ አያውቅም፤ ጥያቄው «ለየትኛው ሥራ?» የሚለው ነው።

ጋራዡ የሚለው

የአባዱላ ትልቁ ሀብት ያለው በጋራዡ ውስጥ ነው። ባሌስትራውን፣ ፍሪሲዮኑን፣ ካምቢዮውን የማያውቅ መካኒክ የለም። ዕቃው በየሱቁ አለ፤ አዲስ ቢጠፋ ያገለገለ ይገኛል። መኪናው ማለዳ ቆሞ ከሰዓት በኋላ ወደ ሥራ ይመለሳል። የቆመ ሚኒባስ ደግሞ ለባለቤቱ ከገቢ ማጣት አልፎ የሾፌርና የረዳት ቀለብ መክፈያ ነው።

ይሁን እንጂ «አባዱላ» የሚለው ስም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። አንዳንዱ ቀለል ያለ የናፍጣ ፖምፓ ያለው 3.0 ሊትር 5ኤል ሞተር የተገጠመለት ነው፤ ኃይሉ ትንሽ ቢሆንም ጠጋኙ ብዙ ነው። ሌላው ዲፎርዲ ነው፤ ጉልበቱና የነዳጅ ቁጠባው የተሻለ ሆኖ ናፍጣን በከፍተኛ ግፊት የሚረጭ በመሆኑ ቆሻሻና ውሃ ያለበትን ናፍጣ አይታገሥም። የኖዝሉ ዋጋ ብቻ የወራት ትርፍ ሊበላ ይችላል። ስለዚህ ደላላው «አባዱላ ነው» ሲል ገዢው «በየትኛው ሞተር?» ብሎ መጠየቅ ይገባዋል።

አዲሱ ሃይኤስ በናፍጣው በኩል የያዘው ጂዲ የተባለውን 2.8 ሊትር ሞተር ነው። ብዙዎች ይህን ሞተር «ዕቃ የሌለው» ይሉታል፤ አባባሉ ግን ግማሽ እውነት ነው። ይኸው የሞተር ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በሃይሉክስና በፕራዶ ላይ ተገጥሟል። የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችንና የረድኤት ድርጅቶችን መኪኖች የሚጠግኑ ጋራዦች ያውቁታል። ችግሩ ያለው አካሉ ላይ ነው። ኮፈኑ፣ የፊት መብራቱ፣ ፓራውልቱ የራሱ ብቻ ናቸው። የመብራት ግጭት የደረሰበት አባዱላ በሳምንት ሲነሣ፣ አዲሱ ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ ሊቆም ይችላል።

ታሪፍ ለዲዛይን አይከፍልም

የክርክሩ ዋና ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በመስመር ላይ የሚሠራ ሚኒባስ ዋጋውን የሚወስነው ባለቤቱ አይደለም። ታሪፍ በርቀትና በደረጃ ይወጣል። ከሀዋሳ ሻሸመኔ የሚሄድ ተሳፋሪ የገባበት ሚኒባስ አፍንጫ ስላለው ተጨማሪ ሳንቲም አይከፍልም። የአዲሱ ዲዛይን ጥቅም ለተሳፋሪው ይደርሳል፤ ወጪው ግን በባለቤቱ ትከሻ ላይ ይቀራል።

ለስሌት ያህል በአሮጌውና በአዲሱ መካከል ያለው የዋጋ ልዩነት 1 ሚሊዮን ብር ነው እንበል። ይህ ምሳሌ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም። ገዢው ይህን ልዩነት በ18 ከመቶ ወለድ ቢበደር በዓመት 180,000 ብር ወለድ ይከፍላል። መኪናው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ አዲሱ ሞዴል ከአሮጌው በቀን 600 ብር አብልጦ ማስገባት አለበት ማለት ነው፤ ያውም የእርጅና ቅናሽና የመለዋወጫ ልዩነት ሳይታሰብ። በታሪፍ መስመር ላይ ይህ 600 ብር ከየት ይመጣል? ምናልባት ጥቂቱ ከነዳጅ ቁጠባ ይመጣ ይሆናል። ቀሪው ግን ከትርፍ ተሳፋሪ ነው የሚመጣው፤ ይህ ደግሞ ከቅጣትና ከአደጋ ጋር የተያያዘ ገቢ ነው።

በኮንትራት ሥራ ግን ስሌቱ ይገለበጣል። ወደ አርባ ምንጭና ወደ ኦሞ ሸለቆ ድንኳንና ወጥ ቤት ጭኖ የሚወርድ ቱሪስት፣ ለስብሰባ የመጡ እንግዶቹን የሚያመላልስ ሆቴል፣ የውጭ ባለሙያዎች ያሉት የኢንዱስትሪ ፓርክ ድርጅት ዋጋውን በድርድር ይከፍላሉ። እነዚህ ደንበኞች የመኪናውን ሞዴልና የደኅንነት ቀበቶውን አይተው ነው የሚፈርሙት። ስለዚህ አዲሱን ሃይኤስ መግዛት ያለበት ውሉን በእጁ የያዘ ሰው ነው። መኪናውን ገዝቶ ውል ፍለጋ የሚወጣ ሰው ግን በሬውን ከሞፈሩ ኋላ እንደጠመደ ገበሬ ነው።

የእጥረት ዋጋ

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚያ በፊት የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ከፍ አድርጎት ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ደረሰ። እነዚህ ሦስት ነገሮች ተደራርበው በአገር ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ሚኒባስ አሮጌም ይሁን አዲስ አስወድደውታል።

የፒያሳ ባለሀብት «መኪናዬ ቆማ ወለደች» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን የወለደችው ምንድን ነው? ሰውየው መኪናውን ሸጦ ሌላ ሊገዛ ቢወጣ የሚገዛውም በዚያው ልክ ተወድዶ ያገኘዋል። ትርፍ የሚሆነው ከገበያው ጨርሶ ለሚወጣ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ብሩ በእጁ ሳለ የመግዛት አቅሙ ካልወረደ።

አሁን ወደ ገበያው የሚገባ ሰው ደግሞ የተገላቢጦሹ አደጋ አለበት። በእጥረት የመጣ ዋጋ በመመሪያ ይወርዳል። ክልከላው ቢላላ ዋጋው ይረግባል። ባይላላ እንኳ ሌላ ተፎካካሪ እየመጣ ነው። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ እንዲገቡ ተፈቅዷል። በደብረ ብርሃንም የበላይነህ ክንዴ ግሩፕ የኤሌክትሪክ ሚኒባሶችን ገጣጥሟል። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የሕዳሴ ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ዛሬ ባትሪ ለረጅም መንገድ የሚታመን አይደለም የሚሉ ሾፌሮች ብዙ ናቸው፤ ለከተማና ለአጭር መስመር ግን ክርክራቸው እየሳሳ ነው። የሚኒባስ ብድር የሚከፈለው በዓመታት ነው። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ነገሮች እንዲህ እንዳሉ ይቀጥላሉ ብሎ የሚበደር ሰው የሚወራረደው በመንግሥት መመሪያ ላይ ነው።

በሒሳብ መዝገብ ያልገባው ወጪ

እስካሁን ያለው ስሌት ለመስመር ሥራ ወደ አሮጌው ያደላል። አንድ ወጪ ግን በማንም መዝገብ ላይ አልተጻፈም። በፊት ለፊት ግጭት ጊዜ በአባዱላ ውስጥ ግፊቱን ከሚቀበሉት የመጀመሪያዎቹ የሾፌሩና ከጎኑ የተቀመጠው ተሳፋሪ እግሮች ናቸው። አዲሱ ሞዴል አፍንጫ ያወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። የአውስትራሊያው የመኪና ደኅንነት መርማሪ አንካፕ እ.ኤ.አ. በ2019 ለአዲሱ ሃይኤስ አምስት ኮከብ ሰጥቶታል። ለአፍሪካና ለባሕረ ሰላጤው ገበያ የሚላከው ግን ሁልጊዜ ያንኑ መሣሪያ ሁሉ አይዝም፤ ገዢው የአየር ከረጢቱን ራሱ መቁጠር አለበት።

202 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲረዝም የታቀደው የሞጆ–ሀዋሳ የፍጥነት መንገድ ከሞጆ በመቂ አድርጎ እስከ ባቱ ያለው ክፍል ተከፍቷል። መንገድ ሲሻሻል ፍጥነት ይጨምራል፤ ፍጥነት ሲጨምር የአሮጌው ዲዛይን ጉድለት ይከብዳል። የታሪፍ አውጪዎች ቢያስቡበት የሚገባውም ይህን ነው። ከአንድ ደረጃ ውስጥ የተሻለ ደኅንነት ላለው መኪና ጥቂት ልዩነት ቢፈቀድ የመስመር ባለንብረቱ ለሾፌሩ እግር የሚገዛበት ምክንያት ያገኛል። አሁን ባለው አሠራር ግን ጥንቃቄ የሚቀጣ እንጂ የሚሸለም አይደለም።

ምን ይበጃል?

የመስመር ሥራ ያለውና በራሱ ገንዘብ የሚገዛ ሰው በጥሩ ሁኔታ የተያዘ አባዱላ ቢገዛ ስሌቱ ያስኬደዋል፤ በፍጥነት መንገዱ ላይ የሚያሠራው ከሆነ ግን ሾፌሩን የሚገታ ውል ይግባ። የኮንትራት ውል በእጁ ያለው አዲሱን ይውሰድ። ውልም የራስ ገንዘብም ሳይኖረው «ዋጋው ይጨምራል» በሚል ተስፋ ብቻ የሚበደር ሰው ግን ሁለቱንም ባይገዛ ይሻለዋል።

አሮጌውን የሚገዛም በቀለሙ አይደለል። ሊብሬውንና ዲክላራሲዮኑን ከሻንሲ ቁጥሩ ጋር ያመሳክር፣ ቦሎው መታደሱን ይይ፣ የፊት ወንበሩን አንሥቶ ሞተሩን በብርድ ያስነሣ። ተንሸራታች በሩ በግራ በኩል ብቻ ከሆነ መኪናው በግራ ለሚነዳበት አገር የተሠራ ነውና መሪው መዛወሩን ይጠርጥር፤ እንዲህ ያለው መኪና ተሳፋሪውን የሚያወርደውም ወደ አስፋልቱ መሐል ነው። ከዚያ በኋላ ደላላው የጠራውን ዋጋ ለሁለት ይክፈለው፤ ይህን ያህሉ ለመኪናው፣ ይህን ያህሉ ለእጥረቱ ብሎ። ለመጀመሪያው ቢከፍል ሥራ ገዝቷል። ሁለተኛው ከበዛ ግን ፒያሳ ነገም እዚያው ነውና ቡናውን ጠጥቶ ቢመለስ አይጎዳም።