ጥፋቱ የእፍኙ ነው

ርግብ በኪነ ጥበብ ዓለም የሰላም አርማ ናት፤ የፒካሶም ርግብ እ.ኤ.አ. በ1949 በፓሪሱ የዓለም ሰላም ጉባኤ ማስታወቂያ ላይ ታትማለች። አርማውን የሚነቅፍ የለም። የሚነቀፈው፣ አርማውን ከከተማው ወፍ ጋር አምታቶ፣ በየአደባባዩ እህል መበተንን እንደ ርኅራኄ የሚያወድስ ብዕር ነው።

እውነቱ ሌላ ነው። የርግብ ኩስ የኖራ ድንጋይ ሐውልትን ይበላል፤ ደርቆ ሲቦንም ክሪፕቶኮከስ የተባለውን ፈንገስ ወደ ሳንባ ሊያስገባ ይችላል። ለጤነኛ ሰው አደጋው አነስተኛ ቢሆንም፣ በሽታን የመከላከል ኃይሉ የደከመን ሕሙም ለማጅራት ገትር ይዳርጋል።

ታዲያ ይፈጁ? ይህም ከንቱ ፉከራ ነው! በስዊዘርላንዷ ባዝል ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1985 ወደ 100,000 የሚጠጉ ርግቦች ቢገደሉም፣ መንጋው 20,000 ገደማ እንደሆነ ቀረ። መብል እስካለ ድረስ የሞተውን ቦታ ጫጩት ይሞላዋልና። እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ግን ከተማዋ ሕዝቡ እህል እንዳይበትን አስተማረች፤ በተዘጋጁ ጎጆዎችም እንቁላል አስለቀመች፤ በአራት ዓመት ያህል ጊዜ ውስጥ ቁጥሩ በግማሽ ቀነሰ። ጥይት ያልፈታውን ትምህርት ፈታው።

እንግዲህ ጥፋቱ የወፊቱ ሳይሆን የእፍኙ ነው። እፍኙ የሚያበዛው መንጋ በተጨናነቀ ጎጆ በበሽታና በተባይ ይማቅቃል፤ ይህ ምጽዋት ሳይሆን ግፍ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል። መምህሩ ይህን በክፍሉ ያስረዳ፤ ካድሬው በስብሰባው ያንሳ፤ ከያኒውም የሰላሟን ርግብ በሸራው ላይ ያኑራት፣ አደባባዩን ግን ለሰው ይተውለት!