ጆሯችንም ይጠየቅ

ለአዳራሻችን ድምፅ ማጉያ ስንመርጥ የባለሙያ ግምገማ ማንበባችን መልካም ነው። ገምጋሚው ግን ያዳመጠው በራሱ ክፍል እንጂ በእኛ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይደለም። የሰው ጆሮ ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ይሰማል ቢባልም፣ ቀጭኑን ድምፅ የመስማት አቅም በዕድሜ ይቀንሳል፤ ሃምሳን ያለፍነው የማንሰማውን ልጆቻችን ይሰማሉ። ስለዚህ የወላጆች መዋጮ ከመውጣቱ በፊት ተማሪዎች ከኋላ ተቀምጠው ይፍረዱ እንላለን። የፋብሪካው ስም በጨርቅ ይሸፈን። ጮክ ያለው የተሻለ ስለሚመስል የሁለቱም ድምፅ መጠን እኩል ይሁን፤ አንዱ ንግግር በሁለቱም ይደመጥ። ይህ ባለሙያን መናቅ አይደለም፤ ፈትኖ መፍረድም ትምህርት ነው። የኋላው ልጅ እያንዳንዱን ቃል ከለየ መዋጯችን ፍሬ አፈራ።