ዕቃ ስንገዛ፦ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ

ጂፒኤስ ያለንበትን ቦታ በቁጥር የሚነግር መሣሪያ ነው። ምልክት የሚቀበለው በሰማይ ከሚዞሩ ሳተላይቶች ነው። ቢያንስ የአራቱ ምልክት ሊደርሰው ይገባል። የስልክ ኔትወርክ አያስፈልገውም። በሰሜን ተራራ ጉም ሲወርድ መንገድ ይጠፋል። ያን ጊዜ የተበላሸ ጂፒኤስ ገደል ይከታል።

አንዋር መስጊድ ሰፈር ስንገዛ ነጋዴው «ኧረ አንደኛ ዕቃ ነው፣ ውሰዱት!» ሊለን ይችላል። እኛ ግን ገንዘብ ሳንከፍል እንሞክረው። ቆርቆሮ ሥር ምልክት ላይዝ ይችላል። ስለዚህ ሰማይ ወደሚታይበት ይዘነው እንውጣ። ጥቂት ደቂቃ እንታገሥ። ከዚያ ቁጥሩን እናንብብ። እዚህ ሰፈር ሰሜን 9 ዲግሪ፣ ምሥራቅ 38 ዲግሪ ማለት አለበት። ከፍታው ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። ቁጥሩ ከዚህ በጣም ከራቀ ዕቃውን እንመልስ።

ሌላም አለ። በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ይሻላል። መብራት በሌለበት አገር ድንጋዩን ቀይሮ መጓዝ ይቻላል። ዝናብ መቻሉንም እንይ። «አይፒኤክስ 7» የሚባለው 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ቢቆይ አይበላሽም።

ቁጥር ማንበብ የቻለ ሰው በወሬ ዕቃ አይገዛም።