«ለምን ትታው አትወጣም?»

ተማሪዎች ሆይ፣ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ወደ አገራችን ሲገባ እናንተ ገና ትንንሽ ልጆች ነበራችሁና ከትምህርት ቤት መዘጋት በቀር ብዙውን ላታስታውሱ ትችላላችሁ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የባሕር ዳር ነዋሪ ለ14 ቀን ከቤቱ እንዳይወጣ ታዘዘ። ትእዛዙ ከበሽታው አንጻር ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን የተመሠረተው ቤት ለሁሉም መጠጊያ ነው በሚል እምነት ላይ ነው።

ቤቷ መጠጊያ ያልሆነላት ሴት ጥቂት አይደለችም። በ2008 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነ ካገቡ ወይም አግብተው ከነበሩ ሴቶች መካከል 34 ከመቶ የሚሆኑት ከባሎቻቸው የአካል፣ የወሲብ ወይም የስሜት ጥቃት ደርሶባቸዋል። ይህ ሲነገር ብዙ ሰው «ታዲያ ለምን ትታው አትወጣም?» ይላል። በእኔ አስተያየት ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ ነው።

እስቲ በፋሲሎ ክፍለ ከተማ በጉልት ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ አንዲት ሴት በሐሳባችሁ ሣሉ። በደኅናው ጊዜ ከዕለት ሽያጯ ቆንጥራ ዕቁብ ትጥላለች፤ ቀኑን በገበያ ታሳልፋለች፤ ሲከፋትም በጎረቤት ቡና ላይ ብሶቷን ታወጣለች። ከቤት አትውጡ በተባለ ጊዜ ግን ጉልቱ ይታጠፋል፣ ዕቁቡ ይቋረጣል፣ ቋጥራ ያስቀመጠቻትም ብር ለልጆቿ እንጀራ ታልቃለች። ባሏም ሥራ ፈትቶ ከማለዳ እስከ ማታ ከፊቷ ነው። ወደ ዘመድ እንዳትሄድ ባጃጅ የለም፤ ብትደርስም ዘመድ በሽታውን ፈርቶ በሩን ሊዘጋባት ይችላል። እንግዲህ ሴቲቱን አስሮ የያዛት ፍርሃት ብቻ ሳይሆን የቤት ኪራይና የልጆች ቀለብ ጭምር ነው።

ሕግ የለም አይባልም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ላይ የሚፈጸመውን የኃይል ድርጊት ያስቀጣል፤ የቤተሰብ ሕጉም በጋብቻ ዘመን የተፈራውን ሀብት የጋራ ያደርገዋል። ሆኖም ክስ ጊዜ ይፈልጋል፤ የዛሬን እራት አያበስልም። ገመናችሁን ሸፍኑ እያሉ የሚመልሷት ሽማግሌዎችም (ሽምግልናን የምናከብር ብንሆንም) ከዱላው አያድኗትም።

ስለዚህ ለወረርሽኝ በሚወጣ ዕቅድ ውስጥ ማረፊያ ቤትና ገንዘብ አብረው መቆጠር አለባቸው። በአዲስ አበባ የተቋቋመው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ጥቃት ለደረሰባቸው ሴቶች መጠለያ ሲሰጥ ሙያም የሚያስተምረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ገቢ የሌላት ሴት ከማረፊያው ስትወጣ ወደዚያው ቤት ለመመለስ ትገደዳለችና። የዕለት እርዳታም በአባወራው ስም ሳይሆን በራሷ እጅ ሊደርሳት ይገባል። በችግር ጊዜ ለዚህ የሚሆን አቅም ከየት ይመጣል የሚል ይኖር ይሆናል። በ2012 ዓ.ም. ግን ዩኒቨርሲቲዎች በአጭር ጊዜ ውስጥ ለይቶ ማቆያ ሆነው አልጋ ተነጥፎባቸው ነበር።