ዕቁብና ቁማር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ልጆቼ፣ 

አል ኑዓይሚያ በሰው ቤት የምትሠራ አንዲት ልጄ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «አባ፣ እዚህ አገር መንግሥት የፈቀደው ሎተሪ በስልክ ይቆረጣል። ሕግ ከፈቀደው ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው? የእኛስ ዕቁብ በዕጣ ይወጣ የለም ወይ?» ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሱን ለሁላችሁም ጻፍኩት።

አስቀድመን ሕጉን እንወቅ። በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ቁማር ለረጅም ዘመን የተከለከለ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ግን መንግሥት ይህን ሥራ የሚቆጣጠር የፌደራል ባለሥልጣን አቋቋመ። በ2024 የአገሪቱ ሎተሪ ፈቃድ አገኘ፤ የመጀመሪያው ዕጣም በዚያው ዓመት ማብቂያ ወጣ። ያለ ፈቃድ ማጫወት ግን ዛሬም ወንጀል ነው። ፈቃድ እንደሌለው እያወቀ የሚጫወትም ሕግ ተላላፊ ነው። ስለዚህ በቴሌግራም «ይህን ነክተሽ ተጫወቺ፣ በቀን ይህን ያህል ታገኛለሽ» እያሉ የሚልኩላችሁን አትንኩ። በሰው አገር መከሰስ ሥራንም የመኖሪያ ፈቃድንም ሊያሳጣ ይችላል።

ፈቃድ ያለውስ? ልጆቼ፣ ፈቃድ ማለት ዕጣው እንዳይጭበረበር፣ ያሸነፈም እንዲከፈለው መንግሥት ይቆጣጠራል ማለት ነው እንጂ «ታሸንፊያለሽ» ማለት አይደለም። ይህ ሎተሪ ሲጀመር የአንዱ ትኬት ዋጋ 50 ድርሃም፣ ትልቁ ዕጣ 100 ሚሊዮን ድርሃም ነበር። ለዚያ ዕጣ ከ31 ቁጥሮች ስድስቱን፣ ከ12 ወራትም አንዱን በትክክል ማግኘት ያስፈልግ ነበር። ይህ በ8,835,372 መንገድ ሊመረጥ ይችላል፤ የሚያሸንፈው አንዱ ብቻ ነው። በየሳምንቱ አንድ ትኬት እየቆረጡ ሁሉንም ለማዳረስ ከ169 ሺሕ ዓመት በላይ ይፈጃል። በእኛ ባሕረ ሐሳብ ዓለም ከተፈጠረ ገና 7,500 ዓመት አለፍ ቢለው ነው! በሳምንት 50 ድርሃም ግን በዓመት 2,600 ድርሃም ነው። ይህ የእናታችሁ ቤት ቆርቆሮ፣ የታናሽ ወንድማችሁ የትምህርት ቤት ክፍያ ነው።

ወደ ዕቁቡ ልመለስ። አሥራ ሁለት እኅቶች በየወሩ 300 ድርሃም ቢጥሉ፣ በዓመቱ ውስጥ እያንዳንዷ 3,600 ድርሃም ይደርሳታል። ዕጣው ተራን ይለያል እንጂ የማንንም ድርሻ ለሌላ አይሰጥም። የቸገራት ካለች ተራ ይለቀቅላታል። እርግጥ ዕቁብም ታማኝ ሰብሳቢ ይፈልጋል። ቁማር ግን የብዙዎቹን ላብ ለአንዱና ለአጫዋቹ ይሰጣል።

ዕጣ በራሱ ኃጢአት አይደለም። ሐዋርያት በይሁዳ ፈንታ ማትያስን የለዩት ጸልየው ዕጣ ጥለው ነው። በመስቀሉ ሥር ያሉት ወታደሮችም ዕጣ ጣሉ፤ እነርሱ ግን የጣሉት የእነርሱ ባልሆነ ልብስ ላይ፣ ባለቤቱ እየተሠቃየ ነው። ስለዚህ «ሕግ ፈቅዶታል ወይ?» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። «የማን ልብስ ነው የምንካፈለው?» ብላችሁም ጠይቁ። ቅዱስ ጳውሎስም የተፈቀደ ነገር ሁሉ እንደማይጠቅም ለቆሮንቶስ ሰዎች ጽፏል።

ነገሩ በአገር ቤትም አለ። በ2015 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የስፖርት ውርርድ ቤቶች እንዲዘጉ ተደርጎ ነበር። ስልክ ግን በየኪሱ አለ። እናንተ ሌሊት ተነሥታችሁ ያገኛችሁትን፣ ወንድማችሁ በአንድ ማታ ኳስ ሊወራረድበት ይችላል። የላካችሁት ምን ላይ እንደዋለ ጠይቁ፤ መጠየቅ ንፉግነት አይደለም። የትምህርት ቤት ክፍያ ከሆነ ደረሰኙን እንዲልክላችሁ አድርጉ።

ሁለት ነገር ደግሞ አደራ። መታወቂያችሁን፣ የባንክ ካርዳችሁን፣ በስልክ የሚላክላችሁን የምስጢር ቁጥር፣ ለመጫወቻ ነው ብሎ ለሚጠይቅ ለማንም አትስጡ፤ ሌላው ባጠፋ የምትጠየቁት እናንተ ናችሁ። ሎተሪ ሳትቆርጡ «ዕጣ ደርሶሻል፣ መጀመሪያ ይህን ያህል ላኪ» ብሎ የሚደውልም ሌባ ነው። ስልኩን ዝጉት።

ገብታችሁበት ዕዳ ላይ የወደቃችሁ ካላችሁ፣ የጠፋውን በቁማር ለመመለስ አትሞክሩ፤ ጉድጓዱን የሚያጠልቀው ይኸው ነው። ነገሩን ለምታምኗት እኅት ንገሩ፣ ወደ ንስሐ አባታችሁም ኑ። አንቆጣችሁም፤ አብረን ዕዳውን እንቈጥራለን፣ አብረን እንጸልያለን።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ በሰላም ለአገራችሁ ያብቃችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።