«ዜማ፦ የሕዝብ»

የሙዚቃ መጽሔት እናውጣ ባልን ቁጥር ከጓደኞቻችን የምንሰማው ሦስት መልስ ነው። «ምን የሚጻፍ አለ?» «ማን ያነበዋል?» «ሰው እየሞተ ስለ ዘፈን?» እስቲ በየተራ እንያቸው።

ምን የሚጻፍ አለ? የቆዩ ካሴቶችን ሽፋን ገልበጥ አድርጋችሁ እዩ። «ግጥምና ዜማ፦ የሕዝብ» የሚል አይጠፋም። ለመሆኑ ይሄ «ሕዝብ» የሚባል ሰውዬ የት ተወለደ? ፍኖተ ሰላም ነው ቡሬ? እናቱስ ስም አላወጣችለትም? ሕዝብ ተሰብስቦ በአንድ አፍ ዜማ አይፈጥርም። አንዱ እረኛ በዋሽንቱ፥ አንዱ አውራጅ በደቦ አረም ላይ፥ አንዲት አልቃሽ በሙሾዋ ይፈጥሩታል፤ ሌላው ይቀበላል። አቀናባሪው በስሙ፥ ዘፋኙ በስሙ፥ አሳታሚው በስሙ ይከበራል፤ ምንጩ ግን «ሕዝብ» ተብሎ ይሸኛል። ገበሬው በቆሎውን ሲያስረክብ በኪሎ ተመዝኖ በስሙ ደረሰኝ ይቆረጥለታል፤ ለዜማው ግን ደረሰኝ የለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ። ደግ። ስሙ የትም ላልተጻፈ ሰው ግን ሕጉ ምን ይፈይድለታል?

እርግጥ ከቅድመ አያት የወረደ፥ ጀማሪው የጠፋ ዜማ ሞልቷል። ነገር ግን ሳይጠይቁ «አይታወቅም» ማለት ስንፍና እንጂ ዕውቀት አይደለም። ስም መያዝ ደግሞ ለጎጃም እንግዳ አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ ቅኔ ቤት ጥሩ ቅኔ ከነባለቤቱ ይጠቀሳል። ለባለቅኔው የተሰጠው ክብር ለአዝማሪውና ለእረኛው ለምን ይነፈጋል?

ማን ያነበዋል? የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመጀመሪያ ዳይሬክተር የነበሩት አሸናፊ ከበደ ስለ አዝማሪ የጻፉት ጥናት እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው በአሜሪካው «ዘ ሙዚካል ኳርተርሊ» ላይ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። የአዲስ አበባን የድሮ ሸክላ ሰብስቦ «ኢትዮፒክስ» ብሎ ለዓለም ያቀረበው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ነው። እዚያ አንባቢና አድማጭ ከተገኘ እዚህ እንዴት ይጠፋል? እ.ኤ.አ. በ1970 ቺካጎ ላይ ተማሪዎች ያሉበት የወጣቶች ቡድን «ሊቪንግ ብሉዝ» የሚባል መጽሔት ጀመረ። አንዱ ሥራቸው ሽማግሌ የብሉዝ ተጫዋቾችን እየፈለጉ ስማቸውን፥ መንደራቸውን፥ ታሪካቸውን መጠየቅ ነበር። በ1983 መጽሔቱ ወደ ሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

ሰው እየሞተ? ይሄኛው ጥያቄ ያማል፤ አንሸሸውም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን የተነሣው ጦርነት የስንቱን ቤት በር ዘግቷል! ታዲያ ሟቹን በስሙ ጠርታ፥ ግብሩን ቆጥራ የምታነሣው ማን ናት? አልቃሿ አይደለችም? እሷም ነገ ታልፋለች። ያን ጊዜ የሟቹም የሷም ስም አብሮ ይቀበራል። እንግዲህ ሰው እየሞተ ስለሆነ ነው ዛሬውኑ መጻፍ ያለብን።

የምንለው መጽሔት የዘፋኝ ሐሜትና የአልበም ማስታወቂያ መደርደሪያ አይደለም። እያንዳንዱ ተማሪ ወደ ቤተሰቡ ሲሄድ አንድ ዘፈን ይዞ ይመለስ፦ ማን አለው? ከማን ተማረው? በምን ሥራ ላይ ይባላል? ትዝታ ነው፥ ባቲ ነው፥ አምባሰል ነው ወይስ አንቺሆዬ? ባለቤቱን አስፈቅዶ፥ ስሙን ጽፎ። መንገድ የተዘጋበት እዚሁ ከተማ ያሉትን አዛውንት ይጠይቅ። ድምፁን ስልካችሁ ይቀዳል፤ ወረቀቱን እናዋጣለን።

«የሕዝብ» ማለት «ባለቤት የለውም» ማለት መሆኑ ይብቃ!