ዓሣው የሞተው በዕድሉ አይደለም

«ዓሣን መብላት በብልሃት» ይባላል። ማኖሩስ?

መስታወቱ፣ ጠጠሩና ዓሣው በአንድ ቀን ይሸጣሉ። በሳምንቱ ዓሣው ሆዱን ገልብጦ ሲንሳፈፍ «ዕድሉ ነው» ይባላል። ዕድሉ አይደለም። የገደለው ከራሱ የወጣ መርዝ ነው።

ዓሣ በስንጥቡ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይቱን ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጠዋል። እነዚህ ባክቴሪያዎች በማጣሪያው ውስጥ በበቂ መጠን እስኪራቡ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይፈጃል። ከዚያ በፊት የገባ ዓሣ በአሞኒያ ይቃጠላል፤ ናይትራይቱም ደሙ ኦክስጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል።

«ባዶ ውሃ እያዩ ወር መቀመጥ ሞኝነት ነው» የሚሉ አሉ። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ! ገንዘብ የሚባክነው በየሳምንቱ ሬሳ እያወጡ አዲስ ዓሣ ሲገዙ ነው።

የታገሠውም ቢሆን በመጨረሻዋ ቀን ይሳሳታል። «ውሃው ደርሷል» ብሎ ገንዳውን በአንድ ጊዜ በዓሣ ይሞላዋል። ቅድሚያ ውሃው ይመርመር፤ አሞኒያም ናይትራይትም 0 መሆን አለባቸው። ከዚያ የተጠራቀመው ናይትሬት እንዲቀንስ ቢያንስ ግማሹ ውሃ ይቀየር። ክሎሪኑ ያልተወገደ የቧንቧ ውሃ ዓሣውንም ባክቴሪያውንም ይገድላል። ማጣሪያውም በቧንቧ ውሃ ከታጠበ የወር ድካም በአንድ እጥበት ይሄዳል። ለሞቃት አገር ዓሦች ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት ያስፈልጋል፤ የአዲስ አበባ ሌሊት ይህን ያለ ማሞቂያ አይሰጥም።

ዓሣው ከነላስቲኩ ውሃው ላይ 20 ደቂቃ ያህል ይንሳፈፍ፤ ከዚያ የገንዳው ውሃ ጥቂት በጥቂት ይጨመርለት። የላስቲኩ ውሃ ግን ወደ ገንዳው አይግባ። ለመጀመሪያው ጊዜ ሁለት ሦስት ዓሣ ይበቃል። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ማጣሪያው ይቆማል፤ የዓሣው ቁጥር ሲያንስ አደጋውም ያንሳል።

«ዓሣ እኮ ነው!» ለሚሉ መልሱ አጭር ነው። በአግባቡ የተያዘ ጎልድ ፊሽ ከ10 ዓመት በላይ ይኖራል። በየሳምንቱ የሞተው እየተጣለ አዲስ ሲተካ የሚያይ ልጅ ግን የሚማረው ነፍስ በብር እንደምትተካ ነው።

«ዛሬ መስታወቱን ውሰድ፤ ለዓሣው ከወር በኋላ ና» የሚል ነጋዴ የዛሬን ሽያጭ ያጣ ይሆናል። ደንበኛውን ግን አያጣም።